ሥራዋን ውላ ትግባ

ከእኔ የተደበቀው ምንድን ነው? ይህ ጥያቄ የያዘኝ ጠዋት፣ ከድልድዩ ሥር፣ አንድ እግሬን አስፋልቱ ላይ ተክዬ ሌላውን ፔዳል ላይ እንደሰቀልኩ ነው። እዚያ ቦታ የእኛ ሰፈር መንገድና የታላቅ ወንድሜ ሰፈር መንገድ ይገናኙና አደባባዩ አፍ ላይ አብረው ይታነቃሉ። ባለመኪናው ሁሉ ቆሞ ይንጨረጨራል። ለብስክሌተኛ ግን እንዲህ ያለው መጨናነቅ ሲሳይ ነው፤ በሁለት መኪና መካከል እንደ ክር ይሾልካል፣ ሲሾልክም ያልተጠራበትን ወሬ ሁሉ ይሰማል። መስታወቱን ዝቅ ያደረገ ሰው አሁንም ሳሎኑ ውስጥ የተቀመጠ ይመስለዋል። እዚያ ድልድይ ሥር ባልና ሚስት ሲነታረኩ፣ አንዱ ለአለቃው የሚናገረውን ብቻውን ሲለማመድ፣ አንዷ አከራይዋን ስትራገም ሰምቻለሁ። ነፃ ቴአትሬ ነበር። የዚያን ዕለት ግን ከጎኔ የቆመው፣ በሩ የተጨረመተው ግራጫ መኪና የታላቅ ወንድሜ የጋሼ ሆነ። ራሴ ላይ ቆብ፣ አፍንጫዬ ላይ የአቧራ መከላከያ አለ፤ እሱም ፊት ለፊቱን ነው የሚያየው። እንደ ልማዴ ጣራውን በመዳፌ ደብ አድርጌ ላስደነግጠው እጄን አነሳሁ።

«በቃ፣ ለእሷ አሁን እንዳትነግራት» አለ ከስልኩ የሚወጣ ድምፅ። የታላቅ እህቴ የእቴቴ ድምፅ ነው።

«እኔ ደግሞ ምን ብዬ ነው የምነግራት?» አለ ጋሼ።

«ይሄኔ ብስክሌቷ ላይ ናት። መንገድ ላይ ሰምታ መኪና ሥር ብትገባስ? ሥራዋን ውላ ትግባ። ማታ አጎቴም ይመጣል፤ ትልቅ ሰው ባለበት…»

ከኋላ የቆመ አውቶቡስ ጡሩምባውን ለቀቀውና የቀረውን ዋጠው። ጡሩምባው ሲያበቃ ጋሼ «እሺ፣ እሺ በቃ፣ አታልቅሺ፣ የሥራ ባልደረቦችሽ ያዩሻል» እያለ ነበር። በአየር ላይ የቀረ እጄን ቀስ ብዬ መለስኩት።

ከፊቴ ክፍተት ሲገኝ እግሬ ራሱ ገፋኝ፤ መኪናውን አልፌ ወጣሁ። ጋሼ ከኋላ ያየኝ ያኔ ነው። ሁለቴ ጡሩምባ ነፋና አንገቱን በመስኮት አወጣ። «አንቺ! አህያሽን ቁርስ አበላሻት?» ብሎ ጮኸ። መንገድ ላይ በተገናኘን ቁጥር የሚላት ቀልድ ናት። እኔም እንደ ወጉ «እንደ አንተ ዝሆን ነዳጅ አትጠጣም!» አልኩት። ሳቀ። ሳቅኩ። ድምፁ ግን ከሚያስፈልገው በላይ ከፍ ብሎ መጨረሻው ላይ ተሰነጠቀ። ከዚያ ወደ ሥራው በቀጥታ መንዳት ሲገባው አደባባዩን ሙሉውን ዞረና ወደ እኛ ሰፈር፣ እናታችንና እኔ ወደምንኖርበት ቤት፣ ተመለሰ።

ለምን አላስቆምኩትም? ለምን ፊት ለፊቱ ብስክሌቴን ገትሬ «ተናገር» አላልኩትም? እኔ እንጃ። ቤተሰቦቼን አውቃቸዋለሁ። ባሕር ማዶ ትምህርት ላይ ሳለሁ አባቴ ሲሞት «ፈተናዋን ትጨርስ» ተብሎ ለሳምንታት አልተነገረኝም። ደውዬ አባዬን አገናኙኝ ስል አንዴ ተኝቷል፣ አንዴ ገላውን እየታጠበ ነው ይሉኛል። አባቴ ያን ሰሞን የታጠበውን ያህል በዕድሜው ሁሉ ታጥቦ አያውቅም። በመጨረሻ የነገረኝ የሁላችንም ታናሽ፣ ድንቡሼ ነው። በልጅነቱ ወፍራም ስለነበር የወጣለት ስም ነው፤ አሁን እንደ ሸምበቆ የቀጠነ ጎልማሳ ሆኖም ስሙ አልቀጠነለትም። «እህቴ፣ አባዬ የለም፤ እነሱ እንዳይሰሙኝ ደጅ ወጥቼ ነው የምነግርሽ» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔና እሱ አንዳችን ከሌላችን ምንም ላንደብቅ ቃል ተገባባን። እኔ የተማርኩበት አገር ብዙ ነገር ግራ አጋብቶኝ ነው የመለሰኝ፤ ሰው የሚለው ሁሉ የሚያስበው እንደሆነ ማመን ለምዶብኝ መጣሁና እዚህ እንደገና መጠራጠር መማር ነበረብኝ። ድንቡሼ ግን ሲናገር ተርጓሚ አያስፈልገውም።

ስለዚህ አንድ መድኃኒት ቤት በር ላይ ቆሜ ለእሱ ጻፍኩለት። «ጋሼና እቴቴ የሆነ ነገር ደብቀውኛል። አንተ ሳትሰማ አትቀርም። ንገረኝ፣ ሸክላ አይደለሁም፣ አልሰበርም።» እሱ ባለበት ባሕር ማዶ ገና ሌሊት ነው። ሲነሳ ያየዋል ብዬ ስልኩን ኪሴ ከተትኩ። በመጠየቄ ብቻ ትንሽ ቀለል አለኝ።

ብስክሌት ላይ ያወጣኝም እሱ ነው። እኔ ትምህርቴን ጨርሼ ስመለስ እሱ እኔ ወደነበርኩባት ከተማ ሄደ፤ ቦታ የተቀያየርን ያህል ነው። ወደ መጋዘን ሥራው በብስክሌት ይመላለሳል። እኔ ስለ ታክሲ ሰልፍ ሳማርር «ቆመሽ ከምታረጂ ተቀምጠሽ ሂጂ» አለኝና ገዛሁ። ከዚያ ወዲህ የማን መንገድ ይብሳል የሚል ክርክር ያዝን። እሱ ለብስክሌት ብቻ የተቀባ መንገድ አለው፤ ግን በረዶው እንባውን ጉንጩ ላይ ያደርቅበታል። እኔ ፀሐይ አለኝ፤ ግን አቧራው ጥርሴ ላይ ይፈጫል። እሱ «እኛ ጋ መኪናው ለብስክሌት ይቆማል» ሲለኝ፣ እኔ «እኛ ጋ ደግሞ ለመኪናው ብስክሌቷ ትጸልያለች» እለዋለሁ።

እውነቱን ለመናገር ያቺን መንገድ እወዳታለሁ። ጠዋት ገና ሰው ሳይበዛ ከዱቄት ፋብሪካው አጥር ሥር ሳልፍ ለብ ያለ የዱቄት ሽታ ፊቴን ይዳስሰኛል። ከፋብሪካው በኋላ ረጅም ቁልቁለት አለ፤ እዚያ እግሬን ማሳረፍና ነፋሱ እጅጌዬን ሲነፋው መስማት ነው። ማንም «ጠጋ በይ» አይለኝም፣ የማንም ክርን ጎኔን አይወጋኝም። በቀን ውስጥ የእናቴ ልጅ፣ ሠራተኛ፣ ታናሽ እህት ሳልሆን የማሳልፈው ጊዜ ያ ብቻ ነው። ጣጣዋም የዚያኑ ያህል ነው። ሱሪዬ በሰንሰለቱ ቅባት ተለቅልቋል። ዝናብ ሲጥል ጉድጓዱ ሁሉ ኩሬ መስሎ ይተኛና ጎማዬን ይውጠዋል። ሚኒባሶቹ ሊያራግፉ ሲፈልጉ እኔ እንደሌለሁ ሆነው ጥግ ይይዛሉ። ጎረቤቶቻችን «ያን ሁሉ ተምራ መጥታ በብስክሌት?» እያሉ እናቴን ሲያሳቅቋት እማዬ ሐኪም አዞላት ነው ብላ አስወራች። አሁን ሰፈሩ ሁሉ ልቤን እንደሚያመኝ ያውቃል፤ ዳገት ስወጣ ከንፈር ይመጥልኛል።

የዚያን ቀን ቁልቁለቱን ሁለቱንም ፍሬን ጨብጬ ነው የወረድኩት። ማን ነው የታመመው? ማን ነው የሞተው? እማዬን ቤት ትቻት ነው የወጣሁት፤ ደህና ናት፣ ጥቁር ካልሲዬን ለምን ነጭ ልብስ ውስጥ እንደነከርኩ እየጠየቀችኝ ነበር። ጋሼና እቴቴ ራሳቸው ተነጋጋሪዎቹ ናቸው። አጎቴ ማታ ይመጣል ተብሏል። አክስቴ ትሆን? ስኳር አለባት። አክስቴ ብትሆን ግን ከእኔ ብቻ መደበቅ ለምን አስፈለገ? ወይስ ስለ እኔው ነው? ሰሞኑን ደም ሰጥቼ ነበር፣ ውጤቱ በቤተሰብ በኩል መጥቶ ይሆን? ሞኝ ነገር ማሰብ እንደጀመርኩ ገባኝ። ከፊቴ የቆመ ሚኒባስ በሩን ድንገት ሲከፍት ጎማዬ ከረዳቱ ጉልበት በአንዲት ጣት ርቀት ቆመ። ረዳቱ አልተቆጣም። ፊቴን አየና «እህቴ፣ ሐሳብሽን እቤት ጥለሽው ነይ» አለኝ። አመስግኜው አለፍኩ። ለምን እንዳመሰገንኩት አላውቅም።

የምሠራው መነጽር ቤት ነው፤ የሰው ዓይን እለካለሁ። ዕቃ ክፍሉ ውስጥ ፊቴን ታጥቤ፣ ሸሚዝ ቀይሬ፣ ቅባቱን በሳሙና ከእጄ አስለቅቄ ወጣሁ። አሠሪዬ፣ ባለሱቁ፣ እንደ ወትሮው ከመዝጊያው አጠገብ ቆሞ ብስክሌቴን አየና «ዕቃ ክፍሌን ጋራዥ አደረግሽው፤ ነገ ደግሞ ማደያ ክፈቺበት» አለኝ። ስላልሳቅኩለት ቀልዱ ሳይበላ ተረፈ። «ምነው፣ ሰው ገጨሽ እንዴ?» አለኝ። አልገጨሁም አልኩት። ስልኬን አየሁ። መልእክቴ ደርሷል፤ አልተነበበም።

የመጀመሪያው ደንበኛ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ያቃተው ልብስ ሰፊ ነበር። መስታወቶቹን እየቀያየርኩ «ይሄ ይሻላል ወይስ ይሄ?» ስለው «አንቺ ደስ ያለሽ ይሻለኛል፣ ልጄ» ይለኛል። ሰውዬው እኔን እንዳያስቀይም ብሎ ዓይኑን ሊያጣ ነው። በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። «አባባ፣ እውነቱን ይንገሩኝ እንጂ!» ብዬ ጮህኩበት። ባለሱቁ ከውጭ አንገቱን ብቅ አደረገ። ልብስ ሰፊው ደንግጦ «እሺ፣ ሁለቱም ደብዛዛ ነው» አለ። ይቅርታ ጠየቅኩትና ሌላ መስታወት ፈለግኩ።

ከዚያ ስልኩ ጀመረ። በቅድሚያ እቴቴ ደወለች። በሥራ ሰዓት ደውላልኝ አታውቅም። «ምሳ በላሽ?» አለችኝ። ገና ጠዋት ነው አልኳት። «አይ… እንዳትረሺ ብዬ ነው» አለች። አፍንጫዋን ስትስብ ሰማኋት፤ «ጉንፋን ይዞኛል» አለች ሳልጠይቃት። ጥቂት ቆይቶ ጋሼ ደወለና እሱም ምሳ በላሽ ወይ አለ። ቀጥሎ ድምፁን እንደ ቀልድ አድርጎ «ማታ በዚያ በኩል ስለማልፍ ልውሰድሽ። ያቺን አህያ እዚያው እሰሪያት» አለኝ። በዚያ በኩል የሚያሳልፈው ምንም ጉዳይ የለውም። «ለምን?» አልኩት። «ምን ለምን አለው? ወንድም እህቱን በመኪና መውሰድ ነውር ሆነ?» አለ። አይ፣ በራሴ እመጣለሁ አልኩት። «እሺ… ቀስ ብለሽ ንጂ፣ ጥግሽን ያዢ» አለኝ። ጋሼ በብስክሌቴ ሲቀልድ እንጂ ጥግሽን ያዢ ሲለኝ ሰምቼው አላውቅም። በአንድ ቀን ያን ያህል ሰው ስለ ምሳዬ ተጨንቆ አያውቅም፤ ቤተሰቡ ሁሉ ሆዴን እየነካካ ቁስሉ የት እንዳለ የሚፈልግ ሐኪም መሰለኝ።

ሦስተኛዋ አክስቴ ናት። አክስቴ ምስጢር መያዝ አትችልም፤ ስለዚህም ቤተሰቡ ከሁሉ በኋላ ነው የሚነግራት። ደህና መሆኔን ጠየቀችኝ፣ ደህና ነኝ አልኳት። ስኳርሽስ አልኳት፣ እግዜር ይመስገን አለች። ስልኩን ልትዘጋ ስትል ድንገት ድምጿ ተለወጠ። «እንደው በእናትሽ፣ ያንን ብስክሌት ተይው። ዛሬ እንኳን ተይው። የሰው ልጅ በሁለት ጎማ… እንደ ወጣ…» አለችና ስልኩ ላይ አንድ እጅ ሲያርፍበት ተሰማኝ፤ ራቅ ብሎ የሰው ድምፅ «አንቺ ሴትዮ!» ሲል ሰማሁ። መስመሩ ተቋረጠ።

የመለኪያው ክፍል ጨለማ ነው፤ ሥራው ጨለማ ይፈልጋል። ግድግዳው ላይ ፊደሎቹ ብቻ ያበራሉ። እዚያ ወንበር ላይ፣ ደንበኞች የሚቀመጡበት ላይ፣ ተቀመጥኩ። ጠዋትም ብስክሌት ነበር የተጠራው፣ አሁንም ብስክሌት። እኔ ደግሞ ደህና ነኝ። ሐሳቡ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ታውቆኛል፤ ግን ሐሳብም ፍሬን አለው፣ ጨብጬ ያዝኩት። ስልኬን አየሁ። አልተነበበም። እዚያ አሁን ነግቷል፤ ተነስቶ ይሆናል። ስልኩን ጥሎት ወጥቶ ይሆናል። ባትሪ አልቆበት ይሆናል። ደውዬ ማወቅ እችላለሁ። ቁጥሩ ላይ አውራ ጣቴን አሳርፌ ብዙ ቆየሁ። ጠርቶ ጠርቶ ቢዘጋስ? ወይም የማላውቀው ሰው ቢያነሳውስ? ጣቴን አነሳሁ።

ከቀትር በኋላ በማላውቀው ቁጥር ተደወለ። እማዬ ናት፤ ከጎረቤት ስልክ።

«ጋሼሽ ጠዋት መጥቶ ‹ስልክሽን ላስተካክልልሽ› ብሎ ይዞት ሄደ» አለችኝ። «ምኑ ነው የተበላሸው? ደህና ስልኬን! ቴሌቪዥኑንም አልሠራ ብሏል ብሎ ገመዱን ነቅሎ ወሰደው። ልጁ ምን ነክቶታል?»

«እኔ እንጃ እማዬ። ሊያሳድስልሽ ይሆናል።»

«ይሁና። እኔ የደወልኩት ድንቡሼ ትናንት ሳይደውልልኝ ቀርቶ ነው። ዛሬ ደግሞ ስልኬ የለ። ለአንቺ ደውሏል?»

አንደበቴ ከእኔ ቀድሞ መለሰ። «ሥራ በዝቶበት ነው እማዬ።»

«አናገርሽው ማለት ነው?»

«አዎ… ደህና ነው።»

«ተመስገን» አለች እማዬ። «በይ ስትመጪ ሳሙና አትርሺ፤ የካልሲሽን ቀለም ያስለቀቅሁበት አልቋል።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ፊደሎቹ ወደበሩበት ግድግዳ ዞርኩ። እነሱን ሳማ የኖርኩ ሰው ለመዋሸት አንዲት ደቂቃ አልፈጀብኝም፤ ያውም ጋሼን በሚያስንቅ ቅልጥፍና። የዋሸሁትም ለእናት ነው፣ ስለ ልጇ ነው። ከዚያ በኋላ ሐሳቡን በፍሬን መያዝ አልተቻለኝም። በረዶውን አሰብኩ። ሰው መኪናው ይቆምልኛል ብሎ ሲያምን አሰብኩ። ባለሱቁ ገብቶ መብራቱን አበራና ምንም ሳይጠይቅ መልሶ አጠፋው።

ማታ ሥራ ሲያልቅ በእግሬ ልሂድ ብዬ ነበር። ብስክሌቷን እየገፋሁ ጥቂት ሄድኩና ወጣሁባት። እግሬ ሌላ ነገር አላውቅም አለ። የዚያን ዕለት አመሻሽ የነበረው አየር፣ ልናገረው ያሳፍረኛል፣ ከገዛኋት ወዲህ ካየሁት ሁሉ ያማረ ነበር። አቧራው ተኝቷል፣ ሰማዩ በሰፊው ቀልቷል፣ ጎማው አስፋልቱ ላይ ሹክ እያለ ይሽከረከራል። ሰውነቴ ምንም እንዳልሰማ ሁሉ ደስ አለው። ጠዋት የወረድኩትን ዳገት ስወጣ ትንፋሼ ሞላ፣ ደሜ ሞቀ፤ ይህን ደስታ የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ድንቡሼም እንዲህ ደስ ብሎት ይሆን ሲነዳ የነበረው? አቋራጩን ትቼ በዙሪያው መንገድ ሄድኩ። መንገድ ዳር ካለ ሱቅ ቆሜ ሳሙና ገዛሁ። ባለቀለሙ ይሻላል ወይስ ነጩ ብዬ ብዙ ቆምኩ። እስከዚያ ድረስ ምንም አልተነገረኝም፤ ያልተነገረኝ ነገር ደግሞ ገና አልሆነም።

ሰፈራችን ስደርስ የጋሼ መኪና አጥሩ ጥግ ቆሟል። ከኋላው የአጎቴ አለ። ከበራፉ አጠገብ ጎረቤቶቻችን ሁለት ሁለት ሆነው ቆመዋል፤ ሲያዩኝ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። ዳገት ስወጣ ከንፈር ይመጡልኝ የነበሩት ሴቶች ዛሬ አልመጠጡም። የግቢው በር ገርበብ ብሏል። ከሳሎን የእማዬ ድምፅ ይሰማል።

«ኧረ ዛሬ ምን ተገኘ? ሁላችሁም በአንድ ቀን! ተጠራርታችሁ ነው? ቁጭ በሉ እንጂ፣ ምን ያቆማችኋል?» ትላለች። በወንድሟ መምጣት ደስ ብሏት ትስቃለች። ከዚያ አጎቴ ጉሮሮውን ጠርጎ «እሷ ትምጣ» ሲል ሰማሁት። «ልጅቱ ትምጣና አብረን እንጫወታለን።»

ያኔ ገባኝ። እማዬን ያቆዩዋት ለእኔ ነው። ሁለታችንንም በአንድ አፍ ሊነግሩን ነው የሚጠብቁት። እኔ ደጁን አልፌ እስክገባ ድረስ ያቺ ሴት አራት ልጆች አሏት። እጀታውን አጥብቄ ይዤ ከበሩ ማዶ ቆምኩ። ሳሙናው ኪሴ ውስጥ ነው። ወደ ኋላ ዞሬ አደባባዩ ድረስ፣ ከዚያም አልፌ፣ ፔዳሉን እየረገጥኩ ሌሊቱን ሙሉ መሄድ እንደምችል አሰብኩ። እስከ መቼ? ውስጥ እማዬ ሳቋን አቆመች። «ይቺ ልጅ ግን ዛሬ ዘገየች» አለች። «ጋሼ፣ እስቲ መንገዱን ውጣና እይ። ያን ብስክሌት መቼም አላምነውም።»

የእግር ኮቴ ወደ በሩ መጣ። ስልኬን አወጣሁና በጥድፊያ ለድንቡሼ ጻፍኩለት።

«በር ላይ ነኝ። እማዬ ገና አልሰማችም። ሊወስዱኝ እየመጡ ነው፤ ቶሎ መልስልኝ፣ ሳልገባ።»

ላክሁት። ጋሼ በሩን ከፍቶ አየኝ። እጀታውን ከእጄ ሊቀበለኝ ሁለት እጁን ዘረጋ። «አንዴ ቆይ» አልኩት ዓይኔን ከስልኩ ሳልነቅል፣ «አንዴ፣ አንዴ ብቻ።» ከጎኔ ቆመ፤ እሱም ዓይኑን ስልኬ ላይ አሳረፈ። ሁለታችን አንገታችንን ደፍተን ጠበቅን።